«ነግሬዋለሁ» ያልሁ ዕለት

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የተናገርሁ። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ሌላው ማን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታውቃላችሁ። ለእናንተ ስጽፍም አሳምሬ አይደለም። ስታነቡ ደግ መስዬ የታየኋችሁ ቦታ ካለ፣ እሱ የብዕሬ ስሕተት ነውና እለፉት።

ትርንጎ እባላለሁ። የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት ግን ባሕር ዳር ነው፣ ፋብሪካ የሚሠራ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተቀምጬ። ጊዜው ደርግ ነው። ማትሪክ ለጥቂት ወደቅሁ። ለጥቂት መውደቅ ጨርሶ ከመውደቅ ይብሳል፤ ያገኘሽ ሁሉ «ምነው ትንሽ ብትበረቺ ኖሮ» ይልሻል። ወንድም ጋሼ ሁለት ዓመት ታገሠኝ። ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነበር። ሚስቱ ሁለተኛውን ልጅ ስታረግዝ መጋረጃውን ወዴት እንደምናዞረው ጠፋን።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ ተናገረኝ።

«ትርንጎ፣ እማማ ልካብኛለች። አንድ ሰው ጠይቆሻል አሉ። ሚስቱ የሞተችበት ነው። እርሻም ከብትም አለው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልሁት።

«እሱን አልጠየቅሁም» አለ። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ያን ዕለትም ቀላ። «እኔ ልመልስሽ አልፈልግም። ግን እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘሽ ምን ብዬ ልያዝሽ?»

እንግዲህ የነበርሁበት ይህ ነው። በዚያው ሰሞን ነው ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ የወጣው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ የእጅ ጽሕፈቱ የሚነበብ። ብዛት አንድ። ያቺን «አንድ» የምትለዋን ቃል ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አላውቅም። ወንድም ጋሼ የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለሰልኝ፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ።

ፈተናው እንዴት እንደነበረ ላስረዳ፤ ያለዚያ የሠራሁት አይገባችሁም። ስትመዘገቡ ቁጥር ይሰጣችኋል። በፈተናው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስማችሁ በፖስታ ታሽጎ ሰብሳቢው ዘንድ ይቀመጣል፤ ፖስታው የሚከፈተው እርማቱ አልቆ፣ ኮሚቴው ሁሉ ባለበት ነው። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከመቶ ስድሳውን ይይዛል፤ ከዚያ ግማሹን ያላገኘ ወደ ቤቱ ነው። ግማሹን ያለፈ የተግባር ፈተና ይፈተናል፤ በመጨረሻ አምስት ሰው ፊት ቀርቦ በቃል ይጠየቃል። ሁሉ ተደምሮ አንደኛ የወጣው ይቀጠራል፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ ተብሎ ይጻፋል። ተጠባባቂ ማለት አንደኛው ካልሞተ ወይ ካልተዛወረ ምንም ማለት አይደለም።

አንድ ጥብቅ ሕግ ደግሞ ነበረ። ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ አይቻልም፤ ነጥብም ቢሆን፣ መስመርም ቢሆን፣ ሥዕልም ቢሆን። አራሚው ዘመዱን በምልክት ለይቶ እንዳያሳልፈው ነው። ምልክት የተገኘበት ወረቀት የማንም ይሁን የማን፣ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ይሰረዛል።

ፈተናው የተሰጠው ማክሰኞ ጧት፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። የልጆች ወንበር ስለነበረ ጉልበታችን ዴስኩን እየገፋ ተቀመጥን፤ ሁለት ሁለት ሆነን፣ መካከላችን ክፍት ቦታ ተትቶ። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርሁ፤ ጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ተቆጣጣሪው ጓድ ተሾመ የሚባሉ፣ ከአስተዳደር ክፍል የመጡ ቀጭን ሰው ናቸው። የፈተናውን ሰባት ሕግ በጩኸት አነበቡ። አምስተኛው የምልክቱ ነው፤ እሱን ሁለት ጊዜ ደገሙት።

አንብበው ጨርሰው በሩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ሰው እያለከለከ ደረሰ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ጫማውን በእጁ ይዟል፤ ነጠላውን አጣፍቶ ኮት ደርቧል።

«ከዘጌ ነው የመጣሁ ጌታዬ» አለ። «ታንኳዋን ነፋስ መለሰብን። በሌሊት ነበር የተነሣነው።»

ጓድ ተሾመ ሰዓታቸውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ርጥብ ሱሪውን አዩ። «አልጀመርንም፣ ግባ» አሉት። «ሕጉን ግን እንደገና የማነብበት ጊዜ የለኝም።» ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። «አንቺ ልጅ፣ ወረቀት አድዬ እስክጨርስ ሕጉን ንገሪው። አደራ።»

አደራ ነው ያሉኝ። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

አጠገቤ ተቀመጠና ዘንበል አለ። «ይኄይስ እባላለሁ፤ እስቲ ንገሪኝ እኅቴ» አለ። እኔም በሹክሹክታ መንገር ጀመርሁ። «ስም አይጻፍም፤ ቁጥርህን ብቻ ከላይ በቀኝ በኩል።»

«ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ከላይ በቀኝ» ብሎ ደገመው።

«በሰማያዊ ቀለም ብቻ።» «በሰማያዊ ብቻ።» «መነጋገር የለም።» «መነጋገር የለም።» «ወረቀት ካለቀብህ ወይ ከተበላሸብህ እጅህን አውጣ፤ ይሰጡሃል።» «እጄን አወጣለሁ።» እያንዳንዱን ቃል እየመለሰ ሲደግምልኝ የቄስ ተማሪ መሆኑ ገባኝ፤ እነሱ ትምህርቱን ሁሉ በጆሮ ነው የሚይዙት። አራቱን ነግሬው አምስተኛውን ልል ስል ጓድ ተሾመ «ጀምሩ» አሉ። ዝም አልሁ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፤ ጊዜ ነው ያነሰኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምን ነበረበት።

ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቃል ጽሕፈት አለ፤ ረጅም ደብዳቤ አሳጥሮ መጻፍ አለ፤ ሒሳብ አለ፤ ጠቅላላ ዕውቀት አለ። ሒሳቡ ላይ ላብ አጠመቀኝ። የቀረን ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን እስክርቢቶዬ ወደቀና ጎንበስ አልሁ፤ ቀና ስል ዓይኔ የይኄይስ ወረቀት ላይ አረፈ።

እናንተ፣ እንዲያ ያለ የእጅ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም። ፊደሉ የቆመ ነው። በብራና ላይ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበትም። ሁሉንም ጨርሶ ከላይ ጀምሮ እያነበበ ነበር። ከመጀመሪያው መስመር በላይ፣ መካከል ላይ፣ የገብስ ፍሬ የምታህል መስቀል አለች። ሁለተኛው ገጽ ራስ ላይም አለች። ሦስተኛውም ላይ።

አውቆ ያደረገው አልነበረም። የብራና ጸሐፊዎች እንዲያ ናቸው፤ አዲስ ገጽ በመስቀል ሳይባርኩ ቀለም አያነሡም። እጁ ነው ያደረገው፤ እሱ ማድረጉንም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደነገጥሁ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ደግ ነበር። ጊዜ አለ፣ እጁን አውጥቶ አዲስ ወረቀት ይቀበልና ይገልብጠው አልሁ። አፌን ከፈትሁ። መነጋገር ክልክል ነው፤ ቢሆንም እጄን አውጥቼ ለጓድ ተሾመ «ለዚህ ሰው አንድ ሕግ ሳልነግረው ቀርቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ምንም አያደርጉኝም ነበር። ከዚያ እንደገና ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ የራሴን አየሁት፤ የሒሳቡ ገጽ በስርዝ ተጨማልቋል። ማስታወቂያው ላይ ያለችው «አንድ» ትዝ አለችኝ። እንፍራንዝ ያለው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁት።

«መነጋገር ክልክል ነው» አልሁ ለራሴ። ሕግ አክባሪ ሆንሁ፤ ጉድ እኮ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ከኪሱ ሁለት ሎሚ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ከግቢያችን ነው» አለ። «ሕጉን ባትነግሪኝ ኖሮ እኔ ስሜን ነበር የምጽፈው። እግዜር ይስጥሽ።»

«ምንም አይደል» አልሁት።

«ቀለለሽ?»

«ሒሳቡ ከበደኝ። አንተስ?»

«ደኅና ነው መሰለኝ። ሁለት ዓመት የማታ ትምህርት እየተመላለስሁ ነው ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስሁ። ባለቤቴ ደርሳለች፤ ይህን ሥራ ካገኘሁ ወደ ከተማ እናመጣታለን፤ ሐኪም ቤት አጠገብ ትሆናለች።» ይህን ሲል ፈገግ አለ።

ጓድ ተሾመ ከኋላችን አዳራሹ ውስጥ ወረቀት እየቆጠሩ ነበር፤ ገና አላሸጉትም። በመስኮት ይታየኛል። አሁንም ይቻል ነበር። ይኄይስ ተሰናብቶኝ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ እኔ ሁለቱን ሎሚ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆምሁ። ጓድ ተሾመ ወረቀቱን ከረጢት ውስጥ ከትተው በገመድ አሰሩት፤ ቀይ ሰም አቅልጠው ማኅተም መቱበት። ያን ሁሉ ቆሜ አየሁ። ሲጨርሱ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ግማሹን ያለፉት ቁጥር በነጥባቸው ቅደም ተከተል ተጽፏል፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ። ይኄይስ ያን ዕለት በእግሩ ነበር የመጣው፤ ታንኳ እንዳያዘገየው ብሎ። ሰሌዳው ላይ ተጠግቶ ከላይ ወደ ታች በጣቱ ወረደ። ከሁሉ በታች፣ ከመስመሩ ስር አቆመ።

«ቁጥሬ እዚህ ነው ያለ» አለኝ። «‘የተሰረዘ’ ይላል። ምን ማለት ነው?»

«እንጃ» አልሁት። የመጀመሪያው ውሸቴ እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ተላላኪ መጥቶ ሁለታችንንም ጠራን። የገባንበት ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ተቀምጧል። ጓድ ተሾመ ጥግ ላይ ናቸው። የይኄይስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መስቀሎቹ በቀይ ተከበዋል።

የፖለቲካ ኃላፊው ነው የጀመረው። «ይህ ምንድን ነው?»

ይኄይስ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ራሱ የሠራውን ገና አሁን ነው ያየው። «መስቀል ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበለኝ። ለማን ነው ምልክቱ? ከአራሚዎቹ ማንን ታውቃለህ?»

«ማንንም አላውቅም። እጄ ነው። ከአባቴ ነው ጽሕፈት የተማርሁ፤ ሳላማትብ ጽፌ አላውቅም።»

«በመንግሥት ወረቀት ላይ ሃይማኖት ስትሰብክ…»

«ቆይ ጓድ» አሉ ሰብሳቢው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ምልክት ማድረግ ክልክል መሆኑን ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። ዘግይቼ ነው የገባሁ። ሕጉን ይቺ እኅቴ ነግራኛለች፤ የነገረችኝን ሁሉ ጠብቄአለሁ። ይኸኛውን ግን የሰማሁ አይመስለኝም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ስማ። በጽሑፍ ፈተናው ካንተ የሚበልጥ የለም፤ ይህን ልንገርህ። ያልተነገረውን ሰው ደግሞ በሕጉ አንቀጣም። ካልነገረችህ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ዛሬውኑ ሌላ ጥያቄ አውጥተን ለብቻህ እንፈትንሃለን። ነግራህ ከሆነ ግን ምንም ላደርግልህ አልችልም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? የምልክቱን ነገር ነግረሽዋል?»

አምስቱም አዩኝ። ይኄይስም አየኝ። እሱ ደስ ብሎት ነበር እኮ፤ ነገሩ አለቀ ብሎ። እውነቱን እንደምናገር ለቅጽበት እንኳ አልተጠራጠረም።

ብዙ ሰው ሲዋሽ «ሳላስበው አመለጠኝ» ይላል። እኔን ሳላስበው አላመለጠኝም። አስቤበታለሁ። አልነገርሁትም ብል እንደገና ይፈተናል፤ ከተፈተነ አንደኛ ነው፤ አንደኛ ከሆነ እኔ ቢበዛ ተጠባባቂ ነኝ። ይህን ሁሉ አስልቼ ነው የመለስሁ።

«አዎ» አልሁ። «ነግሬዋለሁ።»

«አምስተኛውን? ምልክት አይደረግም ብለሽ?»

«አዎ። ሰባቱንም ነግሬዋለሁ።»

ይኄይስ ይቆጣል፣ ውሸታም ይለኛል ብዬ አንገቴን ሰብሬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ የሆነ ነገር ለማስታወስ ሲታገል ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የነገርሁትን አንድ በአንድ እየደገመ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እንግዲያ እኔ ነኝ ያልሰማሁ። እሷ ምን አገባትና ትዋሻለች። ሩጫ ላይ ስለነበርሁ ጆሮዬ አምልጦት ይሆናል።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፤ «ሕጉ የተነገረው መሆኑን ተፈታኙም አምኗል» ብሎ። እሱ ፈረመ። እኔም ከስሩ ፈረምሁ። የእሱ ፊርማ ያማረ ነበር፤ የእኔ ተንቀጠቀጠብኝ። ሰብሳቢው አይተውኝ «አይዞሽ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አሉኝ።

ውጭ ስወጣ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሊሰድበኝ ነው አልሁ፤ ቢሰድበኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

«ነገ የቃል ፈተና አለሽ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«በርቺ። ሲጠይቁሽ ደኅና አድርገሽ አድምጪ። እንደኔ እንዳትሆኚ።» ነጠላውን አጣፋና በዘጌ መንገድ ሄደ። ቀኑ ገና ነበር፤ ዘንባባዎቹ መካከል እስኪጠፋ ድረስ ይታየኝ ነበር። ብጠራው ይሰማኝ ነበር።

ዐርብ የተግባር ፈተና አለ፤ የተደባለቀ ደብዳቤ በፊደል ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ነው። እሱን በደንብ ሠራሁት። በቃል ፈተናው ላይ ሰብሳቢው «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሁሉ በፊት ምን ሊኖረው ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። «ታማኝነት» አልሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሰጠኝ ሙሉ ነጥብ ነው፤ በኋላ አይቼዋለሁ።

አንደኛ ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ሲሰማ አቅፎ ከመሬት አነሣኝ፤ ሚስቱ እልል አለች፤ ጎረቤት ተጠራ። «ይቺ ልጅ በዘመድ አይደለም፣ በፈተና ነው የገባች» እያለ ለመጣው ሁሉ ይናገራል። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ መጋረጃው ጀርባ ተኛሁ። ደስታ ነው አሉ።

የጤና ምርመራ አደረግሁ፣ ዋስ ጠራሁ፣ ሥራ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ መዝገብ ቤት ከመጡት ሰነዶች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የፈተና ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ። ቁጥር ሰጥቼ፣ በእጄ መዝግቤ፣ በፋይል አስገብቼ ሳጥኑን ቆለፍሁት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ሳጥን ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሠራሁ። አንዳንዴ ሰው ከሌለ አወጣና አነብበው ነበር።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ሰውዬው አውቋል እል ነበር። መዋሸቴን አውቆ፣ አዝኖልኝ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደው፤ የቤተ ክህነት ሰው ነው፣ ልበ ሰፊ ነው እል ነበር። እንዲህ ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል። እሱ ከሰጠኝ አልሰረቅሁትም ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ጧት የሌላ ቅጥር ፈተና ሆነ፤ እኔ ተቆጣጣሪ ተደርጌ ተመደብሁ። ሕጉን አንብቤ ስጨርስ አንዲት ልጅ ዘግይታ ገባች። ወረቀት ማደል ነበረብኝ፤ አጠገቧ ላለው ልጅ «ንገራት» ልል ነበር። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ሰባቱንም እንደገና ከመጀመሪያው አነበብሁ፤ አዳራሹ ሙሉ አጉረመረመብኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ ወረድሁ።

የይኄይስን ቤት አንድ መነኵሴ አሳዩኝ። ቡናው መካከል በእግር መንገድ ጥቂት ያስኬዳል። ጥምጣም የጠመጠሙ ሰው ደጃፉ ላይ ብራና ሲፍቁ አገኘሁ። ቅስና ተቀብለው ኖሯል። ያን ጊዜ አንተ እላቸው ነበር፤ አሁን አንተ ማለቱ ከአፌ አልወጣ አለ።

«ትርንጎ እባላለሁ» አልሁ። «ያስታውሱኛል?»

«ማን አልሽኝ? ድገሚልኝ» አሉ።

«ትርንጎ። ባሕር ዳር፣ ፈተናው ላይ።»

«ባሕር ዳር ነው ያልሽኝ? ፈተናው?» ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ጆሯቸው ከብዷል ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አትጩኺ፣ እሰማለሁ» አሉኝ እየሣቁ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ ፈተና ወዲህ ሰው የነገረኝን ሁሉ ሳላስደግም አላምንም። አንቺ ነግረሽኝ ያልሰማሁ ሰው ነኝ እኮ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ ባለቤቴ ሂድ አለችኝ፤ ይህን ጆሮ ይዤ የት እሄዳለሁ አልሁ። መምህሬ ዜማ ሊያስቀጽሉኝ፣ እየመሩ በቃል ሊያስጠኑኝ፣ ፈልገው ነበር፤ እሱንም ተውሁት። ዜማ በጆሮ ነው የሚያዝ።»

አላወቁም ነበር። አላዘኑልኝም፣ አልሰጡኝም። አምነውኛል። ስምንት ዓመት የተሸሸግሁባት ምክንያት እዚያው ደጃፍ ላይ ፈረሰች። ተንበረከክሁ።

«አልነገርሁዎትም» አልሁ። «አራቱን ብቻ ነው የነገርሁዎት። አምስተኛውን አልነገርሁዎትም። ኮሚቴው ፊት ዋሽቼ ነው።»

መፋቂያው ከእጃቸው ወደቀ። «ድገሚው» አሉ።

ደገምሁት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ። ከዚያ ያላሰብሁትን አደረጉ፤ ተነሥተው ወደ ጓሮ ተጣሩ። «ነይማ፣ ነይ ስሚ! አልነገረችኝም ኖሯል። አራቱን ነው የነገረችኝ፤ እኔ አራቱን ነው የሰማሁ፤ ልክ ሰምቻለሁ።» ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ያን ደስታ ማየት ግን አቃተኝ።

ባለቤታቸው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ነገሩ እስኪገባት ቆማ አየችኝ። ከዚያ እኔን ትታ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ድገሚው ባልኸኝ ቁጥር እጮህብህ ነበር» አለች። «ልጆቹ ፊት እንኳ ሳይቀር። ደንቆሮ እያልሁህ።» ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ ወሊዷ አልጠየቅኋትም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም። እሷም አልነገረችኝም።

ይቅር ይበሉኝ አልሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ፤ ቄስ ናቸውና ሌላ ምን ይሉኛል። ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ ልናገር፣ ሥራውን ልልቀቅ አልሁ። እጃቸውን አወዛወዙ። «እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት አሉ? እኔስ አሁን ምን ልሁንበት? ይልቅ ጻፊልኝ» አሉ። «አሁን ያልሽውን በጽሑፍ ስጪኝ። ልጆቼ ያንብቡት።»

ብራና ሳይሆን የደብተር ወረቀት አመጡልኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ፤ ስሜን፣ ሕጉን እንድነግራቸው አደራ መባሌን፣ አለመንገሬን፣ መዋሸቴን። ፈረምሁበት። ቆመው አነበቡትና መለሱልኝ።

«አንድ ነገር ጨምሪበት» አሉ። «‘በጆሮው ምንም ጉድለት አልነበረበትም’ ብለሽ።»

ጨመርሁበት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሥራዬን የለቀቅሁ እንዳይመስላችሁ። አልለቀቅሁም። «ምን ልሁንበት» ስላሉኝ በዚያው አመካኝቼ ቀጠልሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ተቆጣጣሪ በሆንሁበት ፈተና ሁሉ ለዘገየ ሰው ሕጉን ራሴ እየደገምሁ አነብብ ነበር፤ ግን ይህን እንደ ካሣ አትቁጠሩልኝ፣ እኔም አልቆጥረውም። ሥራ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ቢያንስ ሰው ምን እንደተወሰደበት ያውቃል። እኔ የወሰድሁባቸው በገዛ ጆሯቸው ላይ ያላቸውን እምነት ነው፤ እሱን ደግሞ እንደተወሰደባቸው እንኳ አላወቁም ነበር።

ከእናንተ መካከል፣ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ ያልሰማሁ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ» እያለ የሚኖርበትን ነገር እውነቱን የሚያውቅ ካለ፣ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሄዶ ይንገረው። ይቀልልኛል ብሎ ግን አይሂድ፤ እኔን አልቀለለኝም። ከዘጌ ስመለስ ጀልባው ላይ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ የት ነው የምትሠሪው ልጄ ብለው ጠየቁኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም መጥራት አፈርሁና ሥራ የለኝም አልኋቸው።